ከዶዘሩ በፊት ዳኛ ይቅደም

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት አዋጅ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፤

እንጀራዬ ፍርድ ቤት ደጅ ነው። ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የውርስ፣ የቀለብ፣ የደመወዝ፣ የድንበር ጉዳይ ሁሉ ይመጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አብዝቶ የሚመጣው ቤቱን እንዲለቅ የተነገረው ሰው ነው። የእሱ ማመልከቻ ከሌላው ሁሉ ይከብደኛል። ታሪኩን መጻፉ አይደለም የሚከብደው። ከላይ «ለ» ብዬ የምሞላት አንዷ መስመር ናት። ለማን ልበል? ሰውየው የሚፈልገው ዳኛ ነው። እኔ የምጽፍለት ግን «ቤትህን ልቀቅ» ላለው አስተዳደር ነው፤ ወይም ያው አስተዳደር ላቋቋመው አቤቱታ ሰሚ።

ስለዚህ ዛሬ የራሴን ማመልከቻ ለእናንተ እጽፋለሁ። ሕግ የምታወጡት እናንተ ናችሁና። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ነጻ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሰምቶ ሳይወስን የማንም ሰው ቤት አይፍረስ፣ የማንም ገበሬ ማሳ አይወሰድ። ይህ በአዋጅ፣ በማያሻማ ቃል ይጻፍ።

ከተማ አይለማ የምል ሰው አይደለሁም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሲነሡ አይተናል። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሰፊ መንገድ ያያል፣ የእግረኛ መሄጃ ያያል፣ መብራት ያያል። እውነት ነው። እዚያ የነበሩት ሰዎች ስንት ቀን ተሰጣቸው፣ ቅር ያለው ሰውስ ወዴት ሄዶ ይናገር ነበር የሚለው ጥያቄም እንዲሁ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የመንገዱ ማማር መልስ አይሆነውም።

ሕጉን አብረን እንየው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ሁሉም ያውቀዋል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ብዙ ሰው ግን እዚያው ላይ ማንበቡን ያቆማል። ወረድ ሲባል ንዑስ አንቀጽ 7 አለ። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብቱ ነው ይላል። ቀጥሎ ንዑስ አንቀጽ 8 ይመጣል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። «በቅድሚያ» የሚለው እዚያ የገባው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣው የፈረንሳይ የመብቶች መግለጫም የመጨረሻ አንቀጹ ላይ ያንኑ ብሎ ነበር፤ ፍትሐዊ ካሳ፣ አስቀድሞ የተከፈለ። ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው። ጉልበት ያለው ወገን መጀመሪያ ወስዶ በኋላ እንዲከፍል ከተፈቀደለት፣ ዋጋውን የሚተምነውም ቀኑን የሚቆርጠውም እሱ ብቻ ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱ ያልመለሰው ጥያቄ ግን አለ። ይህ ሥራ ለሕዝብ ይጠቅማል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ውሳኔውን ለአስተዳደሩ ይሰጣል፤ ለክልል፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ካቢኔ ወይም ለሚመለከተው የፌዴራል አካል። መለኪያው ደግሞ ቦታው ለሕዝቡ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ የተሻለ ልማት ያመጣል ተብሎ መታመኑ ነው። «በተዘዋዋሪ» የሚለው ላይ ቆም በሉልኝ። በተዘዋዋሪ ሕዝብን የማይጠቅም ሥራ የትኛው ነው? ሆቴሉ ሰው ይቀጥራል። የገበያ ማዕከሉ ግብር ይከፍላል። የአንድ ባለሀብት ፎቅ እንኳ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛ እንጀራ ይሆናል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ከድሃ ቤት ይልቅ የሀብታም ፎቅ ምንጊዜም ለሕዝብ የበለጠ ይጠቅማል። ያ ከሆነ ደግሞ ድሃው መብት የለውም ማለት ነው። ያለው ገና ያልተፈለገ ቦታ ነው።

አቤቱታውስ? ላልበድል፣ የ2011ዱ አዋጅ ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን ስለ ካሳ ይግባኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ቦታውን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ማያያዝ ነበረበት። ቤትህን ስጥና ከዚያ ተከራከር ማለት ነው። ያንን ወረቀት ከማመልከቻ ጋር አያይዤ አውቃለሁ። የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ከካሳ ክርክር በስተቀር የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብሎ ዘጋው። ሰውየው ስለ ብሩ መጠን ዳኛ ፊት መቆም ይችላል። መነሣቱ ራሱ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ግን መጠየቅ አይችልም።

የ2011ዱ አዋጅ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስድ በር ከፍቷል። በሩ የሚገኘው ግን አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚባሉ ሁለት ቤቶች ካለፉ በኋላ ነው። ሁለቱንም የሚያቋቁመው ያው ክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ነው። ደንበኞቼ ይህን ሕግ ሳያነቡ ያውቁታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉኛል። ይህ ተረት የተተረተው ንጉሡ ሕግ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም ከሰው አፍ አለመጥፋቱ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዳኛ ይግባበት የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ ወይም አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ስለ ንብረት ሲያወራ፣ በካሳው ላይ ስምምነት ከታጣ በዳኝነት ሥርዓት ይወሰናል ብሎ ነበር። ያንን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ያ ጥበቃ የደረሰው በአብዛኛው ለባለርስቱና ለባለጉልቱ ነው። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት የሚያስረክበው ጭሰኛ የሚጠብቀው ሕግ አልነበረውም። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በእውነተኛ በደል ነው። ገበሬው የዘራው የራሱ ይሁን ማለታቸው ነበር። ይህ ደግሞ የላቡን ፍሬ ለባለቤቱ የሚሰጥ ጥያቄ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጡ። ባለመሬቱ ሄደ። ጭሰኛው እፎይ አለ። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን መሬቱ ከባለመሬቱ እጅ ወጥቶ የገባው በአራሹ እጅ ሳይሆን በመንግሥት እጅ ነው። በከተማም ትርፍ ቤት የተባለው ሁሉ ተወርሶ ቀበሌ ቤትና ኪራይ ቤት ሆነ። ባለ ብዙ ጌታው ሕዝብ አንድ ጌታ ያዘ። ያ ጌታ ደግሞ ፖሊስም፣ ቀረጥ ሰብሳቢም፣ ሕግ አውጪም ነው። ከድሮው ባለመሬት ጋር የተጣላ ሰው ቢያንስ ሌላ አገር ሄዶ ሌላ ባለመሬት ሊለምን ይችል ነበር።

ከዚህ በኋላ የምለው ከካሳ ብርም ከካርታም ይበልጥብኛል።

የሰፈር ስብሰባ ላይ ማን እንደሚናገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የሚናገረው ምንም የማይወሰድበት ሰው ነው። የቀበሌ ቤት የያዘች እናት እጇን አታወጣም። ሱቁ በወረዳው ፈቃድ የቆመለት ነጋዴም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ውሃ አልመጣም፣ ጥበቃ የለም፣ የተዋጣው ብር የት ገባ ብሎ መጠየቅ ይፈልጋሉ። ግን ቤታቸው በአንድ ወረቀት የሚሰጥ፣ በአንድ ደብዳቤ የሚነጠቅ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ዝም ይላል። የገጠሩም ከዚህ አይለይም። የመሬት ደብተሩ የት ቢሮ እንዳለ፣ ማሳው ሲሸነሸን ማን እንደሚገኝ የሚያውቅ ገበሬ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር ላለመጣላት ብዙ ነገር ይውጣል። አገራችን ውስጥ ሐሳብን በነጻ የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል። የተጻፈው እንዲሠራ ከተፈለገ ግን ሰው ተናግሮ የሚመለስበት ቤት ያስፈልገዋል።

ነጻነትና ንብረት አብረው ይቆማሉ የሚሉት ሰዎች ዋና ክርክራቸው ይህ ነው። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕይወትን፣ ነጻነትንና ሀብትን በአንድ ላይ «ንብረት» ብሎ ሲጠራቸው፣ ስለ ሀብታም መጨነቁ ብቻ አልነበረም። ሰው በራሱ አካልና በራሱ ድካም ላይ የሚያዝበት ድንበር ከሌለው ለገዢው እምቢ ማለት አይችልም ማለቱ ነው። ከእሱ በኋላ ዊልያም ፒት የተባለው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ በፓርላማ የተናገረው ደግሞ ለእኛ አገር ጎጆ የተነገረ ይመስለኛል። የድሃው ጎጆ ደካማ ትሆናለች፣ ጣሪያዋ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ ይገባባታል፣ ዝናብ ይገባባታል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ግን አይገባባትም፣ ሠራዊቱ ሁሉ የዚያችን የፈረሰች ቤት ደፍ ሊያልፍ አይደፍርም ነው ያለው። ልብ በሉ፣ ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ፋብሪካ አይደለም የተናገረው። ስለምታፈስ ጎጆ ነው። ሀብታሙማ ሕግ ባይኖርም ስልክ የሚደውልለት ሰው አያጣም። ሕግ የሚያስፈልገው ለሌላው ነው።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ጊዜው ከአዲሱ አዋጅ በፊት ነው። ጠላ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። የግብር ደረሰኛቸውን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። የገማቾቹ ወረቀት ሲመጣ እንዳነብላቸው ይዘውልኝ መጡ። የጭቃ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን። ማድ ቤት። ሽንት ቤት። አጥር በሜትር። በግቢው ጥግ ያለችው ጌሾ እንኳ ተቆጥራ ዋጋ ተጽፎላታል። አንብቤ ስጨርስ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ደንበኞቼን የት ጻፏቸው?» አሉኝ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ደንበኞቻቸው የሉበትም። ከአውቶቡስ ፌርማታው ወደ እሳቸው በር የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ ያ ቤት ቤት የሆነበት ምክንያት፣ የትም አልተጻፈም። የተገመተው ጭቃውና ቆርቆሮው ነው።

የ2011ዱ አዋጅ ለሚቋረጥ ገቢና ለሚበተን ማኅበራዊ ኑሮም ካሳ እንዲታሰብ አድርጓል። ለገበሬውም በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ የነበረው፣ ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ተወስዶ አሥራ አምስት እጥፍ ሆኗል። ይህን ላወጡት አመሰግናለሁ። የቦታው ዋጋ ግን ዛሬም ከስሌት ውጭ ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነውና። ሰውየው ሲነሣ ቦታው ዋጋ የለውም ይባላል። ያው ቦታ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን በካሬ ሜትር ከመቶ ሺህ ብር በላይ የተጠራበት ጊዜ አለ። በመሐሉ ያለው ልዩነት የማን ነው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ፣ እዚያው ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ሰው ከሕዝቡ አንዱ ነው። ይህንን ጥያቄ አስተዳደሩ ራሱ ሊመልሰው አይችልም፤ ገዢም ሻጭም እሱ ነውና። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ፍርድ ቤት መኖሩ ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላታልላችሁም። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ፣ ሱዜት ኬሎ የምትባል ሴት ሮዝ ቀለም የተቀባች ትንሽ ቤት ነበረቻት። ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በአቅራቢያው የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ ከተማው ሰፈሩን አንሥቶ ሊያለማው አሰበ። እሷ አልለቅም አለች። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 አምስት ዳኞች ለከተማው፣ አራት ለእሷ ፈረዱ። የሥራ ዕድልና የግብር ገቢ የሕዝብ ጥቅም ነው ተባለ። ከዚያ ምን ሆነ? የታሰበው ልማት አልመጣም። ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ2009 ከከተማዋ እንደሚወጣ አስታወቀ። ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ሣር በቅሎበት ዓመታት ቆየ። እኛም አገር በአረንጓዴና ቢጫ ቆርቆሮ ታጥረው የከረሙ ቦታዎችን እናውቃለን፤ ነዋሪው ተነሥቶ ግንባታው ያልመጣባቸው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ግን ሽንፈቷን አይደለም። እስከ መጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቤቷ ቆሞ ነበር። ዳኞቹ የጻፉትን ሁሉም አነበበው። የተቃወሙት አራቱ ምክንያትም ተጽፎ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ከዚያም ከ40 በላይ ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቁ። በአንድ ሴት ቤት ላይ የተሠራ ስህተት በአደባባይ ስለተሠራ ሊታረም ቻለ። እኛ ጋ ውሳኔው የሚተላለፈው በካቢኔ ስብሰባ ነው። ሰው እጅ የሚደርሰው ቀኑ የተቆረጠበት ወረቀት ነው። የሚያነበው ክርክር የለም፣ የሚነቅፈው ፍርድ የለም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው ልማት ይዘገያል የሚለው ነው። አዋጁ ራሱ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከር ግዴታ ነው ይላል። ያ ዓመት በእርግጥ ከተከበረ ፍርድ ቤት አቤቱታ ሰምቶ ለመወሰን ይበቃዋል። ልዩ ችሎት ይሰየም፣ የጊዜ ገደብ ይበጅለት። ዓመቱ የማይከበር ከሆነ ደግሞ መዘግየቱን የሚፈራው ወገን ቀድሞም ሕጉን አልጠበቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ በቅንነት የሚያነሡትም ብዙ ናቸው። መሬት ለግል ከተለቀቀ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ከተማ ይሰደዳል፣ ጭሰኝነት ይመለሳል ይላሉ። እኔ ገበሬው ያገኘውን ደብተር ከአያቶቹ ይልቅ አጥብቆ እንደሚይዝ ነው የማምነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚል ሕዝብ መሬቱን እንደ ዶሮ ገበያ አያወጣም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ መፍቀዱም፣ እናንተም በገበሬው ማመን መጀመራችሁን ያሳያል። ያም ሆኖ ይህ ክርክር ይቆይ። አንቀጽ 40ን መለወጥ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች ድምፅና የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ሕገ መንግሥቱን አይነካም። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ዳኛ ይስማው ማለት ተራ አዋጅ የሚፈታው ነገር ነው። የእናንተ እጅ ብቻ ይበቃዋል።

በማሻሻያው ውስጥ እንዲገቡ የምለምናችሁ እነዚህ ናቸው። የመልቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በቀጥታ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሂድ። ክርክሩ ስለ ብሩ ብቻ ሳይሆን ሥራው በእርግጥ የሕዝብ ጥቅም ስለመሆኑም ይሁን። ውሳኔ እስኪሰጥ ቤቱ አይነካ፣ ውሃና መብራቱም አይቆረጥ። «በተዘዋዋሪ» የሚለው ከትርጉሙ ይውጣ። ካሳው ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈል ወይም ምትክ ቤቱ ቁልፉ ሳይሰጥ ዶዘር አይምጣ። የቀበሌ ቤት ተከራይም እንደ ሰው ይቆጠርና ይኸው መብት ይድረሰው። የተወሰደ ቦታ በተባለው ጊዜ ለተባለው ሥራ ካልዋለ ተነሺው መልሶ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

ረቂቁን ከማዘጋጀታችሁ በፊት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የውይይት መድረክ እንዲጠራ እጠይቃለሁ። የሚጠሩት ባለሙያዎች ብቻ አይሁኑ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎች ዛሬ ያሉበት ይታወቃል። ማሳቸው የኢንዱስትሪ ፓርክና ሪል እስቴት የሆነባቸው የከተማ ዳር ገበሬዎችም አሉ። እነሱ ቀድመው ይናገሩ፣ አስተዳደሩም ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ይመልስ። የሚናገሩትን መጻፍ ለማይችሉት እኔ ያለ ክፍያ እጽፍላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም